ከትርፍ ድርሻ ላይ ያለ አባሉ ፈቃድ የሚቆረጥ የበጎ አድራጎት መዋጮ፦ የቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማኅበራት ጥያቄ በአዲስ አበባ ዙሪያ ከተሞች

መግቢያ

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚለው አባባል በኢትዮጵያ የመረዳዳት ባህል ውስጥ ከፍ ያለ ስፍራ አለው። የዕድር ዳኛ፣ የማኅበር ሙሴ፣ የቀበሌ ሊቀ መንበርና የመሥሪያ ቤት ኃላፊ መዋጮ ሲጠይቁ በተደጋጋሚ ይጠቅሱታል። አባባሉ ግን አንድ ነገር ሳይናገር ያልፋል፤ ሃምሳው ሰው እያንዳንዱ ሎሚውን በገዛ እጁ እንደያዘ አስቀድሞ ይገምታል። ሎሚው ከባለቤቱ ኪስ በሌላ ሰው እጅ ቢወጣ ጌጥነቱ ይቀጥል እንደሆነ አይመልስም።

ይህ አጭር ጽሑፍ ያንን ያልተመለሰ ጥያቄ በአንድ ውሱን ጉዳይ ላይ ይመረምራል። የገንዘብ ቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማኅበር ለአባሉ ከሚከፍለው ዓመታዊ የትርፍ ድርሻ ላይ ለበጎ አድራጎት የሚሆን ገንዘብ ሲቀንስ፣ ቅነሳውን የሚፈቅደው ማን ነው? ሥራ አመራር ኮሚቴው ነውን? ጠቅላላ ጉባኤው ነውን? ወይስ እያንዳንዱ አባል? ጉዳዩ በተለይ በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ ላሉ ሠራተኞች ማኅበራት ትርጉም አለው። ጽሑፉ የአንድን የተወሰነ ማኅበር አሠራር አይከስም፤ ሕጉ የሚለውን፣ የሒሳቡን አካሄድና የፈቃድን ምንነት ለይቶ ማሳየት ዓላማው ነው።

የቦታው ሁኔታ

ሰበታ ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ ምዕራብ በጅማ መንገድ ላይ፣ ቡራዩ በስተ ምዕራብ በአምቦ መንገድ ላይ፣ ሱሉልታ ደግሞ በስተ ሰሜን በጎጃም መንገድ ላይ የሚገኙ ከተሞች ናቸው። ሦስቱም ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በኦሮሚያ ክልል በተቋቋመው በሸገር ከተማ ሥር ተጠቃለዋል። ሰበታ የአዲስ አበባ ጅቡቲ አዲሱ የባቡር ሐዲድ መነሻ ከመሆኗም በላይ ከሜታ አቦ ቢራ ፋብሪካ ዘመን ጀምሮ የፋብሪካ ከተማ ሆና ቆይታለች፤ በኋላም የጨርቃ ጨርቅ፣ የምግብ ማቀነባበሪያና የአበባ እርሻ ድርጅቶች ተጨምረውባታል።

በእንዲህ ዓይነት ከተማ የሚኖር ሠራተኛ ከባንክ ብድር ለማግኘት መያዣ የሚሆን ቤት ወይም መኪና አብዛኛውን ጊዜ የለውም። ስለዚህ በሥራ ቦታው ወይም በሰፈሩ የተቋቋመ የቁጠባና ብድር ማኅበር ለልጅ ትምህርት፣ ለሕክምና፣ ለቤት ኪራይ ቅድመ ክፍያ ቅርብ የሆነ የገንዘብ ምንጭ ይሆንለታል። በሥራ ቦታ የተቋቋመ ማኅበር መደበኛ ቁጠባውን የሚሰበስበው ከደመወዝ ላይ በቀጥታ በማስቀነስ ነው። አባሉ ገንዘቡን ከመንካቱ በፊት ከደመወዙ መቀነሱን ይለምዳል። ይህ ልማድ ለቁጠባ ትልቅ ጥቅም አለው፤ ነገር ግን ሌላ ቅነሳ በዚያው መስመር ሲገባ ቶሎ እንዳይታይ የሚያደርገውም ይኸው ልማድ ነው።

ከዚህ ላይ የሠራተኛው መፈራረቅና የቋንቋ ብዛት ይጨመራሉ። ከተለያዩ የአገሪቱ ክፍሎች የመጡና የተለያየ አፍ መፍቻ ቋንቋ ያላቸው ሰዎች በአንድ ማኅበር ይሰባሰባሉ። ባለፈው ዓመት ጉባኤ ላይ እጁን ያወጣው አባል ዘንድሮ ሥራ ለቅቆ ሊሆን ይችላል፤ ዘንድሮ የተቀጠረው ደግሞ ውሳኔው መቼና በምን ቃል እንደተላለፈ አያውቅም። ፈቃድ በዓመታት ውስጥ የሚሻገር ከሆነ፣ የሚሻገረው ከማን ወደ ማን እንደሆነ ግልጽ መሆን የሚያስፈልገው በዚህ ምክንያት ነው።

የማኅበራቱ አመጣጥና የትርፍ ድርሻ ምንነት

የኢትዮጵያ የኅብረት ሥራ ሕግ ከ60 ዓመት በላይ ዕድሜ አለው። በ1958 ዓ.ም. የኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 241 ወጣ፤ በደርግ ዘመን በ1970 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 138 ተከተለ፤ በ1991 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 147፣ በ2009 ዓ.ም. ደግሞ አዋጅ ቁጥር 985 ተተኩ። በገንዘብ ቁጠባና ብድር ዘርፍ የመጀመሪያው ተብሎ የሚጠቀሰው እ.ኤ.አ. በ1964 የተመሠረተው የኢትዮጵያ አየር መንገድ ሠራተኞች ማኅበር ነው። ዘርፉ ከመነሻው ከደመወዝተኛው ሠራተኛ ጋር የተቆራኘ ነበር ማለት ነው።

አንድ አባል በማኅበሩ ዘንድ ሁለት ዓይነት ገንዘብ አለው። የመጀመሪያው ቁጠባው ነው፤ ይህ አባሉ ያስቀመጠው የራሱ ገንዘብ ሲሆን ወለድ ይታሰብለታል። ሁለተኛው የገዛው ዕጣ ነው፤ ዕጣ አባሉን የማኅበሩ ባለቤት ያደርገዋል፣ ማኅበሩ በዓመቱ መጨረሻ ካተረፈም የትርፍ ድርሻ ያስገኝለታል። ሁለቱን መለየት ለዚህ ጽሑፍ ዋና ነገር ነው። ከቁጠባ ላይ ለበጎ አድራጎት መቀነስ ከአደራ ገንዘብ ላይ መውሰድ ስለሆነ፣ ያለ አባሉ የግል ስምምነት በየትኛውም ጉባኤ ድምፅ ሊጸድቅ አይገባውም። አከራካሪው የትርፍ ድርሻው ነው፤ ምክንያቱም የትርፍ ድርሻ በአንድ ወቅት የማኅበሩ፣ በሌላ ወቅት የአባሉ ገንዘብ ይሆናልና።

በ1991ዱ አዋጅ ሥርዓት ማኅበሩ ከተጣራ ትርፉ 30 በመቶ ለመጠባበቂያ ይይዛል። ከቀሪው ላይ ለሥራ ማስፋፊያና ለማኅበራዊ አገልግሎት የሚውል ገንዘብ በጠቅላላ ጉባኤ ውሳኔ ሊነሳ ይችላል፤ የተረፈው ለአባላት ይከፋፈላል። አዋጁ በ2009 ዓ.ም. ቢተካም ሁለት መሠረቶች ጸንተዋል፦ ጠቅላላ ጉባኤው የማኅበሩ የበላይ አካል ነው፤ እያንዳንዱ አባልም ዕጣው ቢበዛ ቢያንስ አንድ ድምፅ አለው። እንግዲህ ሕጉ ማኅበር ለማኅበራዊ ጉዳይ ገንዘብ እንዳያወጣ አይከለክልም። የዓለም አቀፉ የኅብረት ሥራ ማኅበራት ኅብረት እ.ኤ.አ. በ1995 በማንቸስተር ባጸደቃቸው ሰባት መርሖዎች ውስጥም ሰባተኛው ለአካባቢ ማኅበረሰብ ማሰብን የሚመለከት ነው። ሆኖም መርሖው ራሱ ይህ አሳቢነት አባላት ባጸደቋቸው ፖሊሲዎች አማካይነት እንዲፈጸም ይጠይቃል። በእንግሊዝ አገር የሮችዴል አቅኚዎችም በ1850ዎቹ ከትርፋቸው 2.5 በመቶ ለትምህርት ሲመድቡ ምደባውን በደንባቸው ውስጥ አስፍረውት ነበር።

ሦስት የመቁረጫ ቦታዎች

በተግባር ገንዘቡ የሚቆረጥበት ቦታ ከሦስቱ አንዱ ነው። አንደኛው ትርፉ ለአባላት ከመታወጁ በፊት ከማኅበሩ የትርፍ ቋት ላይ የሚነሳው ነው። ሁለተኛው የትርፍ ድርሻው ለእያንዳንዱ አባል ተሰልቶ ከታወጀ በኋላ፣ በክፍያ ጊዜ በመቶኛ የሚቀነሰው ነው። ሦስተኛው በክፍያ ጊዜ ከእያንዳንዱ አባል እኩል መጠን የሚቀነሰው ነው። ከሩቅ ሲታዩ ሦስቱም «ማኅበሩ ረዳ» የሚል አንድ ዜና ይሆናሉ። በሒሳብም በሕግም ግን ይለያያሉ።

ልዩነቱን በምሳሌ ማየት ይቻላል። 400 አባላትና እያንዳንዱ 500 ብር የሆነ 8,000 ዕጣ ያለው አንድ የሐሳብ ማኅበር በዓመቱ 1,200,000 ብር የተጣራ ትርፍ አገኘ እንበል። 30 በመቶው፣ ማለትም 360,000 ብር፣ ለመጠባበቂያ ይያዛል፤ 840,000 ብር ይቀራል። ለአንድ ዕጣ 105 ብር ይደርሳል፤ 20 ዕጣ ያለው አባል 2,100 ብር ያገኛል ማለት ነው። አሁን ለአንድ የበጎ አድራጎት ተግባር 42,000 ብር፣ ይኸውም የቀሪው 5 በመቶ፣ ይውጣ ተባለ።

ገንዘቡ በመጀመሪያው መንገድ ከወጣ ለክፍፍል የሚቀርበው 798,000 ብር ይሆናል፤ ባለ 20 ዕጣው አባል 1,995 ብር ይታወጅለታል። በሁለተኛው መንገድ ከሆነ መጀመሪያ 2,100 ብር ታውጆለት ኋላ 105 ብር ይቀነስበታል። በእጁ የሚገባው አንድ ዓይነት ይመስላል፤ ግብሩ ሲታሰብ ግን ይለያል። የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 ሲወጣ በደነገገው 10 በመቶ የትርፍ ድርሻ ግብር ቢሰላ፣ በመጀመሪያው መንገድ አባሉ በ1,995 ብር ላይ 199.50 ብር ከፍሎ 1,795.50 ብር ይወስዳል። በሁለተኛው መንገድ ግብሩ በ2,100 ብር ላይ 210 ብር ነው፤ ከዚያ 105 ብር ሲቀነስ 1,785 ብር ይቀረዋል። ልዩነቱ 10.50 ብር ብቻ ቢሆንም ትርጉሙ ከመጠኑ ይበልጣል፤ አባሉ ፈቅዶ ላልሰጠውና በእጁ ላልገባ ገንዘብ ግብር ከፍሏል።

ሦስተኛው መንገድ ከሁሉ ይከፋል። 42,000 ብር ለ400 አባላት እኩል ሲካፈል ለእያንዳንዱ 105 ብር ይደርሳል። 20 ዕጣ ላለው አባል ይህ ከድርሻው 5 በመቶ ነው። 100 ዕጣ ኖሮት 10,500 ብር ለሚያገኘው አባል 1 በመቶ ብቻ ነው። ሁለት ዕጣ ብቻ ገዝቶ 210 ብር ለሚጠብቀው አዲስ ተቀጣሪ ግን የድርሻው ግማሽ ይወሰዳል። «ሁላችንም እኩል እናዋጣ» የሚለው ለጆሮ ፍትሐዊ የሆነ ቃል በውጤቱ ከድሃው አብልጦ የሚወስድ ሆኖ ይገኛል። በዕድርና በማኅበር እኩል መዋጮ የለመደ ሕዝብ ይህን ልዩነት ሳያስተውል ቢያልፈው አያስገርምም።

ፈቃድ በሕግ ዓይን

የሕጉ ጥያቄ የሚያጠነጥነው ገንዘቡ የማኅበሩ ከመሆን ወደ አባሉ መሆን በሚሸጋገርበት ቅጽበት ላይ ነው። ጠቅላላ ጉባኤው የትርፍ ክፍፍሉን እስኪወስን ድረስ ትርፉ የማኅበሩ ሀብት ነው፤ ጉባኤው በደንቡ መሠረት ሊያዝበት ይችላል። ክፍፍሉ ከጸደቀ በኋላ ግን የእያንዳንዱ ድርሻ ማኅበሩ ለአባሉ ያለበት ዕዳ ይሆናል። ከዚያ በኋላ በአባሉ ስም መስጠት የሰው ገንዘብ መስጠት ነው።

የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2427 ስጦታን ውል አድርጎ ይተረጉመዋል። ሰጪው ሌላውን ለመጥቀም አስቦ ከሀብቱ የሚሰጥበት ውል ስለሆነ የሰጪው ሐሳብና ፈቃድ ከሌለ ስጦታ የሚባል ነገር የለም። በውል ጠቅላላ ድንጋጌዎች ደግሞ አንቀጽ 1682 ዝምታ እንደ መቀበል እንደማይቆጠር በመርሕ ደረጃ ያስቀምጣል። በጉባኤ ላይ «ተቃውሞ ያለው?» ተብሎ ተጠይቆ፣ ዝም ሲባል፣ በጭብጨባ የሚታለፍ ውሳኔ በማኅበሩ ሀብት ላይ የጉባኤ ውሳኔ ሊሆን ይችል ይሆናል፤ በአባሉ የግል ሀብት ላይ ግን የስጦታ ስምምነት ሊሆን አይችልም። በስብሰባው ላልተገኘ አባል ደግሞ ነገሩ ይበልጥ ግልጽ ነው።

ሥራ አመራር ኮሚቴው አስቀድሞ ሰጥቶ በኋላ ጉባኤው እንዲያጸድቅለት የሚያደርግበት አሠራርም አለ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ በአንቀጽ 2190 ወኪል ከሥልጣኑ አልፎ የሠራውን ወካዩ ሊያጸድቀው ወይም ሊያፈርሰው እንደሚችል ይፈቅዳል። ስለዚህ ኮሚቴው ከማኅበሩ ቋት ያወጣውን ጉባኤው ሊያጸድቅ ይችላል። ነገር ግን ማጽደቅ የሚችለው የገንዘቡ ባለቤት ነው። ለአባሉ ከታወጀ ድርሻ ላይ የወጣን ገንዘብ 399 ሰዎች ቢያጸድቁት እንኳ የ400ኛውን ሰው ፈቃድ አይተኩም። ያላግባብ የተወሰደ ጥቅም እንዲመለስ የሚያዝዙት አንቀጽ 2162ና ተከታዮቹም ለእንዲህ ዓይነቱ አባል በር ይከፍታሉ፤ ለ105 ብር ክስ የሚመሠርት ሰው ግን አይገኝም። ጉዳዩ በፍርድ ቤት መዝገብ ጎልቶ የማይታየው ቅሬታ ስለሌለ ሳይሆን፣ የመክሰሻው ዋጋ ከተወሰደው ስለሚበልጥ ሊሆን ይችላል።

የደመወዝ ሕግ ከዚህ የተሻለ ጥበቃ ያደርጋል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 59 አሠሪ ከደመወዝ ላይ መቀነስ የሚችለው በሕግ፣ በኅብረት ስምምነት፣ በሥራ ደንብ፣ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ወይም በሠራተኛው የጽሑፍ ስምምነት ሲደገፍ ብቻ መሆኑን ይደነግጋል፤ በአንድ ጊዜ የሚቀነሰውም ከወር ደመወዙ ከአንድ ሦስተኛ እንዳይበልጥ ይገድባል። የትርፍ ድርሻ ግን ደመወዝ አይደለም። ስለዚህ ያው ሠራተኛ፣ በዚያው ግቢ፣ ከደመወዙ 105 ብር ያለ ፊርማው ሊቀነስበት አይችልም፤ ከትርፍ ድርሻው ሲቀነስበት ግን የሚጠቅሰው ግልጽ አንቀጽ ያጣል። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ እ.ኤ.አ. በ2020 ያወጣው የፋይናንስ ተጠቃሚዎች ጥበቃ መመሪያም የቁጠባና ብድር ማኅበራትን አይደርስባቸውም፤ ማኅበራቱ የሚቆጣጠራቸው ባንኩ ሳይሆን የኅብረት ሥራ ዘርፍ አካላት ናቸውና። በሁለት ሕጎች መካከል ያለ ክፍተት ማለት ይህ ነው።

በጋራ ፈቃድና በይሉኝታ መካከል

የመዋጮ ታሪክ በኢትዮጵያ ከመንግሥት ጥሪ ጋርም የተሳሰረ ነው። በደርግ ዘመን ለእናት አገር ጥሪና ለድርቅ ተጎጂዎች ከደመወዝ መዋጮ ይሰበሰብ ነበር። የታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ መሠረት መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. ከተጣለ በኋላም በብዙ መሥሪያ ቤቶች ሠራተኞች ተሰብስበው የአንድ ወር ደመወዛቸውን በየወሩ እየተቆረጠ ቦንድ ሊገዙ ወስነዋል። ቦንድ ብድር ስለሆነ የሚመለስ ነው፤ መዋጮ ግን አይመለስም። ሁለቱን የሚያገናኛቸው የአወሳሰኑ ሥርዓት ነው፦ አዳራሽ፣ ኃላፊው በመድረክ ላይ፣ እጅ ማውጣት። ዓላማው የሚያኮራ መሆኑ ከአንዳንዱ ሰው ልብ የመነጨ ፈቃድ እንደነበር አያጠራጥርም። በዚያው አዳራሽ ውስጥ እጁን ከባልንጀራው እጅ ለይቶ ማስቀረት የከበደው ሰው እንደነበርም እንዲሁ አያጠራጥርም።

ይሉኝታ የሚባለው ይህ ነው። ለሕመምተኛ፣ ለወላጅ አልባ ሕፃን ወይም ለተፈናቃይ ይሰጥ ሲባል «እኔ አልሰጥም» ብሎ መነሳት በአማርኛ ተናጋሪውም በኦሮምኛ ተናጋሪውም ማኅበረሰብ ዘንድ ነውር የሚያስመስል ነው። የተቃወመ ሰው የተቃወመው የአወሳሰኑን ሥርዓት ቢሆንም የሚታየው ድሃን እንደተቃወመ ሆኖ ነው። ስለዚህ በግልጽ የሚደረግ የእጅ ድምፅ፣ ለሌላ አጀንዳ በቂ ቢሆንም፣ ለበጎ አድራጎት አጀንዳ ደካማ መለኪያ ነው።

በዚህ ላይ አንድ ጠንካራ የመከራከሪያ ሐሳብ ይነሳል። ዕድርም ሰውን በግድ ያስከፍላል፤ በዕቁብም ለዳኛና ለጸሐፊ ከዕጣው ላይ ይነሳል፤ ታዲያ የቁጠባ ማኅበሩ በምን ይለያል? ልዩነቱ በመግቢያው በር ላይ ነው። ዕድር የሚቋቋመው ለመረዳዳት ነው፤ ሰው ሲገባ የሚከፍለውን፣ ምን ሲደርስበት ምን እንደሚያገኝ ያውቃል። የዕቁብ ጸሐፊ ድርሻም ዕቁቡ ሲጀመር የተነገረ ነው። ቁጠባ ማኅበር ውስጥ የገባ ሰው ግን የፈቀደው መቆጠብና መበደርን ነው። ወለድ አልባ ባንኮች እንኳ፣ ክፍያ ያዘገየ ደንበኛ የሚከፍለውን ቅጣት ባንኩ እንዳይጠቀምበት ወደ በጎ አድራጎት ሒሳብ ሲያዞሩ፣ ደንበኛው አስቀድሞ በውሉ ላይ ግዴታውን ይፈርማል። መረዳዳቱን ማንም አይጠላም፤ የሚጠየቀው ሰውየው ሲገባ የትኛውን ውል እንደፈረመ ነው።

ከሌላ አገር የተገኘ ትምህርት

ተመሳሳይ ክርክር ከመቶ ዓመት በፊት በእንግሊዝ የሠራተኛ ማኅበራት ውስጥ ተነስቶ ነበር። ዋልተር ኦስቦርን የተባለ የባቡር ጣቢያ ሠራተኛ ማኅበሩ ከአባላት ለፖለቲካ ተወካዮች የሚሰበስበውን መዋጮ ተቃውሞ ከሰሰ፤ እ.ኤ.አ. በ1909 የጌቶች ምክር ቤት ለእርሱ ፈረደለት። መዋጮው ግን በዚያው አልቀረም። እ.ኤ.አ. በ1913 የወጣው ሕግ ለሁለቱም ወገን መንገድ አበጀ። ማኅበሩ በአባላት የድምፅ መስጫ ካጸደቀ የፖለቲካ መዋጮ መሰብሰብ ይችላል፤ ገንዘቡ ግን በተለየ ቋት ይቀመጣል፤ የማይፈልግ አባል በጽሑፍ አሳውቆ ይወጣል፤ በመውጣቱም ከማኅበሩ ጥቅም አይጎድልበትም። እ.ኤ.አ. በ1927 ሕጉ ተገልብጦ የሚፈልግ ብቻ እንዲፈርም ተደረገ፤ በ1946 ወደ ቀድሞው ተመለሰ፤ በ2016 ደግሞ ለአዳዲስ አባላት እንደገና የመግቢያ ፊርማ ተጠየቀ።

ይህ መገለባበጥ የሚያስተምረው፣ «ካልፈለግህ ውጣ» እና «ከፈለግህ ግባ» የሚሉት ሁለት ሥርዓቶች በሕግ ቋንቋ ተቀራራቢ ቢመስሉም በውጤት እጅግ እንደሚራራቁ ነው። ብሪጅት ማድሪያንና ዴኒስ ሺ እ.ኤ.አ. በ2001 ባሳተሙት የታወቀ ጥናት፣ በአንድ የአሜሪካ ኩባንያ ውስጥ ለጡረታ ቁጠባ ራሳቸው መፈረም ከነበረባቸው አዳዲስ ሠራተኞች የተሳተፉት ከግማሽ በታች ሲሆኑ፣ ካልተቃወሙ በቀር በቀጥታ እንዲመዘገቡ ከተደረጉት ውስጥ ግን 86 በመቶ ተሳታፊ ሆነዋል። የሰዎቹ ፍላጎት አልተለወጠም፤ የተለወጠው ዝም ሲሉ የሚሆነው ነገር ነው። ለቁጠባ ሲሆን ዝምታው የሚጠቅመው ራሱን ዝም ያለውን ሰው ነው። ለመዋጮ ሲሆን ግን ገንዘቡ ወደ ሌላ ይሄዳል፤ ስለዚህ ዝምታን ለመጠቀም የሚያስፈልገው ማስረጃ ከፍ ሊል ይገባል።

ሊደረግ የሚችለው

ከላይ ከተነሱት ነጥቦች የሚከተሉት ተግባራዊ መደምደሚያዎች ይመነጫሉ፤ ብዙዎቹ አዲስ አዋጅ ሳይጠብቁ በመተዳደሪያ ደንብ ማሻሻያ ሊፈጸሙ ይችላሉ።

አንደኛ፣ በጎ አድራጎቱ የማኅበሩ ስጦታ ከሆነ ክፍፍሉ ከመታወጁ በፊት ከማኅበሩ ቋት ይውጣ፤ ጣሪያውም በመቶኛ በደንቡ ይገለጽ። ይህ መንገድ በዕጣ ልክ ስለሚደርስ ከእኩል መዋጮ የተሻለ ፍትሐዊ ነው፤ አባሉንም ላልተቀበለው ገንዘብ ግብር አያስከፍለውም።

ሁለተኛ፣ አጀንዳው ከጉባኤው በፊት፣ መጠኑና ተቀባዩ ተጠቅሶ፣ አባላቱ በሚያነቡት ቋንቋ ይለጠፍ። «ልዩ ልዩ ጉዳዮች» በሚል ርዕስ ሥር በስብሰባው ማብቂያ ላይ የሚነሳ የስጦታ ሐሳብ የአባላትን ፈቃድ ለመለካት አይበቃም። ድምፁም በወረቀት በምስጢር ቢሰጥ ይሉኝታ ይቀንሳል።

ሦስተኛ፣ ከታወጀ የአባል ድርሻ ላይ የሚቀነስ ማንኛውም መዋጮ በአባሉ የጽሑፍ ፊርማ ብቻ ይሁን፤ ፊርማውም ለአንድ ዓመት የሚያገለግል ይሁን። አባሉ ገንዘቡን ለመቀበል የሚፈርምበት የክፍያ መዝገብ ለመዋጮው እንደ ፈቃድ አይቆጠር፤ ለመቀበል መፈረምና ለመስጠት መፈረም ሁለት የተለያዩ ተግባሮች ናቸውና።

አራተኛ፣ የክፍያ ሰነዱ ጠቅላላ ድርሻውን፣ ግብሩን፣ መዋጮውንና የተጣራውን ክፍያ በተለያየ መስመር ያሳይ። አባሉ ያየውን ብቻ ሊጠይቅ ይችላል።

አምስተኛ፣ ገንዘቡ ለተባለው ዓላማ መድረሱ በተቀባዩ ደረሰኝ ተረጋግጦ በሚቀጥለው ጉባኤ ይነገር፤ ዓመታዊ ኦዲቱም ይህን መስመር ለብቻው ይመርምረው።

ማጠቃለያ

በመግቢያው የተነሳው ጥያቄ ሦስት መልስ አለው። ኮሚቴው በራሱ ሥልጣን መስጠት አይችልም። ጠቅላላ ጉባኤው ከማኅበሩ ትርፍ ላይ፣ ክፍፍሉ ከመታወጁ በፊት፣ በደንቡ ወሰን ውስጥ ሊሰጥ ይችላል። ከታወጀው ድርሻና ከቁጠባው ላይ ግን መስጠት የሚችለው አባሉ ብቻ ነው።

105 ብር ትንሽ ገንዘብ ነው የሚል ይኖራል። ይሁን እንጂ የቁጠባና ብድር ማኅበር ከባንክ የሚለየው በካፒታሉ ብዛት አይደለም፤ አባሉ «ገንዘቤ የት እንዳለ አውቃለሁ» ብሎ መናገር በመቻሉ ነው። በሰበታ ሁለት ዕጣ የገዛች የፋብሪካ ሠራተኛ ከጠበቀችው 210 ብር ግማሹን አጥታ ስትመለስ የምታጣው ገንዘቡን ብቻ አይደለም፤ በሚቀጥለው ዓመት ሦስተኛ ዕጣ ለመግዛት የሚያስፈልጋትን እምነት ጭምር ነው። ማኅበሩም አንድ አባል፣ በጎ አድራጎቱም አንድ ወዶ ሰጪ ያጣሉ። ይህ ጉዳት በምን ያህል ማኅበራት ውስጥ፣ በየትኛው የመቁረጫ ቦታ እንደሚደርስ የክፍያ መዝገቦችንና ቃለ ጉባኤዎችን አነጻጽሮ መመርመር ለቀጣይ ጥናት የተዘጋጀ መስክ ነው። ሎሚው ጌጥ የሚሆነው ባለቤቱ ሲይዘው ነውና፣ ጥናቱ መጀመር ያለበትም ከተሰጠው ገንዘብ መጠን ሳይሆን ከሰጪው ፊርማ ነው።